የግጭት ፈቃድ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ባቡር ወረፋ ይዞ አየሁ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው ረጅሙ ባቡር ነው። ከመንደራችን ማቋረጫ ፊት ለፊት ጥግ ይዞ ቆሟል። ከፊቱ አንድ የአህያ ጋሪ፣ ከጋሪው ፊት ሁለት ባጃጆች፣ ከባጃጆቹ ፊት ደግሞ አንዲት ዶሮ አለች። ዶሮዋ እስክትሻገር ሁሉም ይጠብቃል። ባቡሩ አልተቆጣም። መብራቱን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው ቤት ገብቶ ተቀመጥ እንዳልተባለ እንግዳ ይቁለጨለጫል።

«እሜቴ፣» አለኝ ሲያየኝ፤ «ተራዬ ሲደርስ ይነግሩኛል?»

«ከዶሮዋ ኋላ ነህ፣» አልኩት።

«አውቃለሁ። እሷ ግን ሐሳቧን እየቀያየረች ነው።»

ለባቡር መልስ መስጠቴ አላስገረመኝም። ያስገረመኝ አለመፍራቴ ነው።

ማቋረጫውን ለማያውቅ ሰው ልንገር። መንደራችን ከአዋሽ ወዲህ ቆላ ውስጥ ናት፤ የምናመርተው ሽንኩርት ነው። የእርሻው መንገድ አስፋልት ላይ ከመውጣቱ በፊት ሐዲዱን ይሻገራል። በዚያን ጊዜ አጥርም፣ መዝጊያ ዘንግም፣ ጠባቂም አልነበረውም። በስተቀኝ ሐዲዱ ይታጠፍና የእሾህ ቁጥቋጦ ይጋርደዋል። ስለዚህ የእኛ አገር ደንብ እንዲህ ነው፤ መኪና ማቋረጫው ጋ ሲደርስ ጋቢና የተቀመጠው ሰው ይወርዳል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ በባዶ እግሩ ሐዲዱን ይረግጣል። የድሮው ባቡር ገና ከተራራው ማዶ እያለ ብረቱ ውስጥ ውስጡን ይንዘረዘር ስለነበር አባቶቻችን ባቡርን የሚሰሙት በእግራቸው ነበር። ብረቱ ዝም ካለ የወረደው ሰው ወደ ሹፌሩ ዞሮ «ንዳ» ይላል።

አዲሱ ባቡር የሚሄደው ግን በአዲስ ሐዲድ ነው። አጠገብ ካልደረሰ ብረቱ አይናገርም። ይህን የነገረን ሰው የለም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ከስምንት ወር በፊት ከባሌ ከጥጋቡ ጋር በአይሱዙ ሽንኩርት ጭነን ስንወጣ የወረድኩት እኔ ነኝ። ጫማዬን አወለቅኩ። ረገጥኩ። ብረቱ በፀሐይ ግሏል እንጂ ዝም ብሏል። እስከ ቁጥቋጦው ድረስ ሄጄ አላየሁም። «ንዳ» አልኩት።

በለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ጥጋቡ ቸኩሎ ነው አለ። እኔን ደግሞ ለሽንት ወርዳ ተረፈች አሉኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። እናቱ እማማ ተዋበች «ልጄን ችኮላ በላብኝ» እያሉ ደረታቸውን ሲመቱ እጃቸውን ይዤ አጠገባቸው ነበርኩ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብናገር የልጃቸው ስም ይነጻ ነበር። አልተናገርኩም። እስከ ትናንት ሌሊት ድረስ ለማንም አልተናገርኩም።

ወደ ሕልሙ ልመለስ። ዶሮዋ ሁለት ጊዜ ተመልሳ በሦስተኛው ተሻገረች። ባጃጆቹ ተሻገሩ። ጋሪው ተሻገረ። የባቡሩ ተራ ሲደርስ ከቁጥቋጦው ውስጥ የትራፊክ ፖሊስ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ግመል ወጣና ፊሽካ ነፋ።

«መንጃ ፈቃድ፣» አለ ግመሉ።

ባቡሩ ከየት እንዳወጣው እንጃ፣ አንድ የታጠፈ ወረቀት ዘረጋለት።

«ይሄ የልደት ምስክር ወረቀት ነው።»

«ሌላ የለኝም።»

«ከየት ነው የምትመጣው?»

«ከባሕር።»

«ፍጥነትህ?»

«ሲያዩኝ ዝግተኛ ነኝ። ሳያዩኝ አላውቅም።»

ግመሉ ትንሽ አመነዠከ። «በዚህ ወር ስንት ዘመዶቼን ገጨህ?»

«አንድም። ፈቃዱ አልወጣልኝም።»

«እሱማ ለማን ወጥቶለት፣» አለ ግመሉ ተክዞ፣ ወረቀቱንም መለሰለት።

ባቡሩ ከእኔ ጋር በዝግታ መሄድ ጀመረ። ትኬት የቆረጡት ተሳፋሪዎች ሻንጣቸውን ተሸክመው ከጎኑ በእግር ይሄዳሉ፤ ያልቆረጡት ውስጥ ተቀምጠው በመስኮት ያዝኑላቸዋል። መንገዱን የሚሻገሩት ቤቶች ነበሩ። አንድ ሱቅ ከነባለሱቁ ከፊታችን ሲሻገር ቆመን ጠበቅነው። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኖ «ይቅርታ፣ ጥላ ፍለጋ ነው» አለን።

ከዚያ ድንኳን ውስጥ ነበርን። ድንኳኑ ሐዲድ ላይ ተተክሏል፤ ለቀስተኞቹ ሁሉ መኪና ናቸው። ሚኒባሶች በግራ፣ የጭነት መኪናዎች በቀኝ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንድ ያረጀ አይሱዙ ራዲያተሩ እየፈሰሰ ያለቅሳል። ንፍሮ በሰሐን እየዞረ ነው። የሞተው የድሮው ባቡር ነበር። ጋቢ ለብሶ መሐል ላይ ተጋድሟል፤ ጋቢው ስላጠረ ሃያ ያህል ጎማዎቹ ውጭ ቀርተዋል።

«ጮክ ብሎ የሚመጣ ነበር፣» አለ አይሱዙው። «ሳይናገር ሰው ደጅ ደርሶ አያውቅም።»

«ሲመጣ ድስት ጉልቻ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፣» አለች አንዲት ታክሲ፤ ሁሉም አለቀሱ።

አዲሱ ባቡር ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። አጠገቡ ተቀመጥኩና ለስምንት ወር የያዝኩትን ጥያቄ ጠየቅኩት።

«ለምንድን ነው ዝም ብለህ የምትመጣው?»

አሰበ። «እሜቴ፣ እኔ ዝምታ ተምሬ ነው ያደግኩት። የሠሩኝ ሰዎች ድምፅ የሌለው ልጅ ጨዋ ነው ይላሉ። በየአገሩ ይሄንኑ ነበር የሚያመሰግኑልኝ።» ከዚያ በቀስታ ጨመረ፤ «እርስዎስ ለምን ዝም አሉ?»

ንፍሮ ዘገንኩ።

ንፍሮውን ሳልውጥ ቢሮ ውስጥ ነበርኩ። በሩ ላይ «የግጭት ጉዳይ፣ መስኮት ሦስት» ይላል። ከመስኮቱ ኋላ ያው ግመል ኮፍያውን አውልቆ፣ መነጽር አድርጎ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። በዚያ አገር መጋጨት የፈለገ ሁሉ በቅድሚያ ያመለክታል። ሁለቱም ወገኖች በአካል ይቀርባሉ፤ ሦስት ሦስት ጉርድ ፎቶ፣ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከጎረቤት ቅሬታ አለመኖሩን የሚገልጽ ወረቀት ይዘው። ማኅተም ያላረፈበት ግጭት ዋጋ የለውም። ስለዚህ በዚያ አገር በማቋረጫ ላይ የሞተ አንድም ሰው አልነበረም። ጉዳዩ የሚያልቅለት የለማ። አንድ ሚኒባስና አንድ የጭነት ባቡር ከመስኮት መስኮት ሲመላለሱ ኖረው በመጨረሻ አበልጅ ሆነዋል።

ሹፌሮቹ ግን ተማረው ነበር።

«ሰው ሥራ አለው እኮ፣» ይላል አንዱ። «ተጋጭተን ብንሄድ ይሻለን ነበር።»

«ትናንት ማኅተም ያዡ ወጥቷል አሉኝ፤ ዛሬ ማኅተሙ ወጥቷል አሉኝ፣» ይላል ሌላው።

ግመሉ ከዶሴዎቹ መሐል አንዱን አንስቶ አቧራውን እፍ አለበትና በመነጽሩ ላይ አየኝ።

«የጥጋቡ ባለቤት ነሽ?»

«ነኝ።»

«ፋይሉ ተሟልቷል። የጎደለው አንድ መስመር ነው። ውጪና አነጋግሪው፤ ስምንት ወሩ ነው እዚያ ከቆመ።»

ወጣሁ። ወረፋው ከቢሮው በር እስከ ሽንኩርት እርሻው ድረስ ይዘልቃል። ከመሐል አይሱዙአችን ቆማለች፤ ፊቷ አልተጨማደደም፣ መስታወቷም ሙሉ ነው። የተጫነው ሽንኩርት ስምንት ወር ቆይቶ በጆንያው ቀዳዳ በቅሏል፤ አብቦም ንብ ሰፍሮበታል። ከመኪናዋ ጥላ ሥር ባሌ ጥጋቡ የዚያን ቀን ሸሚዙን ለብሶ፣ መፋቂያውን በአፉ ጥግ ይዞ ቆሟል። ከባቡሩ ጋር ካርታ ይጫወታሉ። ባቡሩ እጅ ስለሌለው የሁለቱንም ካርታ የያዘው ጥጋቡ ነው።

«ታዲያ ማን ያሸንፋል?» አልኩት። ስምንት ወር ያላየሁትን ሰው የጠየቅኩት ይሄን ነው።

«እሱ፣» አለ። «ያየውን ካርታ እንዳላየ መሆን አይችልም፤ እኔ ደግሞ አዝንለትና እለቅለታለሁ። መጣሽ ስንድዬ?»

«መጣሁ።»

«ከሳሽ።»

«አንተም አልወፈርክም።»

ሳቀ። ጥርሱ ያው ነው፤ አንዱ ከፊት የተሸረፈው። ካርታውን ኪሱ ውስጥ ከተተና «እናቴስ?» አለኝ።

«ደህና ናቸው። አብረን ነው ያለነው። ጠዋት ጠዋት ወገባቸውን ያማቸዋል።»

«ስለ እኔ ምን ይላሉ?»

ልዋሽ ፈለግኩ፤ በሕልም ግን አፍ አይታዘዝም። «ችኩል ነበር ይላሉ።»

«እኔ?» አለና ዞሮ የወረፋውን ርዝመት አየው። «ስምንት ወር እዚህ የተገተርኩት እኔ?»

«ችኩልስ አይደለም፣» አለ ባቡሩ። «እኔ ምስክር ነኝ።»

«አንተን ማን ይሰማሃል፣» አለው ጥጋቡ በፍቅር፣ ጎኑንም መታ መታ አደረገለት።

ግመሉ ዶሴውን በጥርሱ ይዞ መጣ። የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ የአይሱዙዋ ኮፈን ላይ ዘረጋው። ከታች አንድ ባዶ መስመር አለ። ከመስመሩ በላይ በታይፕ እንዲህ ተጽፏል፤ «ንዳ ያለው ሰው ሙሉ ስምና ፊርማ።»

«ጠየቅነው፤ አልናገርም አለ፣» አለ ግመሉ። «በጋቢና ሌላ ሰው እንደነበረም አላስመዘገበም።»

ጥጋቡን አየሁት። «ለምን አልነገርካቸውም?»

«የአንቺ ቃል ነው እንጂ የእኔ ነው እንዴ?»

«ካልፈረምኩስ?» አልኩት ግመሉን።

«ካልፈረምሽ ምንም አይሆንም። እዚሁ ይቆማል። ውሃ አለ፣ ካርታ አለ፣ ሽንኩርት አለ። በዚህ አገር ያለ ፊርማ የሞተ የለም።»

እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጉዳዩ ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ማን ያውቅ ነበር። ዝም ማለት ብቻ ነው፤ ዝም ማለት ደግሞ እችልበታለሁ።

«እንግዲያው አልፈርምም፣» አልኩ። «እዚሁ ቁምልኝ። በየቀኑ ምሳህን አመጣለሁ። ሸሚዝም ትቀይራለህ።»

ጥጋቡ መፋቂያውን ከአፉ አወጣና ጫፉን አየው። ሥራ ሲበዛበት እንዲህ ነው የሚያደርገው።

«ስንድዬ፣ እግሬ አብጧል።»

«ተቀመጥ ታዲያ።»

«ወረፋ ላይ ይቀመጣል እንዴ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እግሩንስ እችለዋለሁ። ግን እዚህ ስሜን የሚያውቅ ሰው የለም። ችኩሌ ነው የሚሉኝ። ያቺ ባጃጅ እንኳ፣ ትናንት የመጣችው፣ ችኩሌ ትለኛለች። ከየት ሰማሽ ስላት ከእናትህ አለችኝ።»

ባጃጇ አንገቷን ሰበረች።

«እኔ የእናቴን ቃል ከዚህ ሆኜ እንዴት አድርጌ ልመልሰው?» አለ።

ግመሉ ከጆሮው ላይ እስክሪብቶ አውርዶ ሰጠኝ። ባቡሩ ወረቀቱ እንዲታየኝ መብራቱን አስጠጋልኝ። ሙሉ ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ ጻፍኩ። ፊርማው ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«አመመህ?» አልኩት።

«አሁን ወይስ ያን ጊዜ?»

«ያን ጊዜ።»

«አላየሁትም እኮ። አንቺን ነበር የማየው።» ፈገግ አለ። «ንዳ ስትይ እጅሽን እንዲህ ታደርጊያለሽ፣ ከስጥ ላይ ዶሮ እንደምታባርሪ። ስንት ዓመት ሙሉ እየሳቅኩብሽ ነው የነዳሁት። ያን ቀንም እየሳቅኩ ነበር።»

ፈረምኩ።

ግመሉ ማኅተሙን ተንፍሶበት መታው። ከወረፋው «እንኳን ደስ ያላችሁ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አንዳንዶቹ ቀንተዋል። ጥጋቡ ጋቢና ወጥቶ ሞተሩን አስነሳ። ባቡሩ ወደ ሐዲዱ ተመልሶ ከቁጥቋጦው ወዲህ ቦታውን ያዘ። ሁለቱም ማቋረጫው አፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ቅደም፣» አለ ጥጋቡ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ።

«ኧረ አንተ ቅደም፣» አለ ባቡሩ።

«አይሆንም፣ አንተ የመንገድ እንግዳ ነህ።»

«አንተ ጭነት ይዘሃል።»

«በሞቴ ቅደም።»

«እኔ ልሙት፣ አልቀድምህም።»

እንዲህ ሲባባሉ ፀሐይዋ ትንሽ ፈቀቅ አለች። በመጨረሻ ሁለቱም ደክሟቸው እኔን አዩኝ። ማን ይሂድ እንደምል ይጠብቃሉ። እጄን አነሳሁ።

አንድ እጅ ትከሻዬን ይነቀንቀኝ ጀመር። ዓይኔን ስገልጥ እማማ ተዋበች አልጋዬ አጠገብ ቆመዋል።

«ተነሽ እንጂ ስንዱ፣ ነጋ። በመጀመሪያ ቀንሽ ልታረፍጂ ነው?»

በእጃቸው የሚያንጸባርቅ ቢጫ ሰደርያ ይዘዋል። ጥጋቡ ከሞተ በኋላ ማቋረጫው ላይ ሰው ይቁም ተብሎ ተወሰነ፤ የመንደሩ ሽማግሌዎችም ቦታው ለሟች ሚስት ይገባል ብለው አስቀጠሩኝ። ሥራው የሚጀምረው ዛሬ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ቀይና አረንጓዴ ባንዲራ ይዤ ሐዲዱ ዳር እቆማለሁ፤ መኪና ሲመጣ «ቁም» ወይም «ንዳ» እላለሁ።

እማማ ተዋበች ሰደርያውን ትከሻዬ ላይ ለኩት። ሰፍቶኝ ስለነበር ሌሊቱን በመርፌ አጥብበውታል፤ የክሩ ጫፍ ገና አልተቆረጠም። አጎንብሰው በጥርሳቸው ቆረጡት።

«ሽማግሌዎቹን የለመንኳቸው እኔ ነኝ፣ አልነገርኩሽም እንጂ፣» አሉኝ። «ልጄ ችኩል ነበር፣ እሷ ግን ረጋ ያለች ናት አልኳቸው። ያን ቀን እዚያ ቦታ እሷ ቆማለት ቢሆን ኖሮ ልጄ ዛሬ አለ ብያቸዋለሁ።»

ሰደርያውን ከትከሻዬ አውርጄ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት።

«እማማ፣» አልኳቸው፣ «እስኪ እዚህ ይቀመጡ።»